አሮጌ የመጫወቻ የእንፋሎት ሞተር እንዴት ይታደሳል?

አሮጌ የእንፋሎት ሞተር እጃችሁ ሲገባ የመጀመሪያው ፈተና ጨርቅና ማጽጃ ማንሳት ነው። የጠቆረው ናስ ወርቅ መስሎ ሲወጣ ለማየት ማን ይታገሳል? እኔም አልታገስኩም። የመጀመሪያዬን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳሽና ስቀባ ከረምኩ። ሲያልቅ መስታወት መስሎ ነበር። ከዚያ ቦይለሩን፣ ማለትም ውሃው የሚፈላበትን የናስ በርሜል፣ ውሃ ሞልቼ እሳት ለኮስኩበት። እንፋሎቱ ፒስተኑ በሚመላለስበት ሲሊንደር በኩል መውጣት ሲገባው በቦይለሩ ጫፍ መገጣጠሚያ ፍሽሽ እያለ ወጣ። ቦይለሩን ለማስበየድ ሁሉም እንደገና ተፈታ። ቀለሙ በሙቀት ተላጠ፣ ናሱም ተመልሶ ጠቆረ። የሁለት ሳምንት ልፋቴ ገደል ገባ።

ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሌ አይለወጥም። መጀመሪያ ቦይለር፣ ቀጥሎ የደህንነት ቫልቭ፣ ቀጥሎ ሲሊንደር። ቀለምና ማስዋብ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። ይህ መመሪያም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ እናንሳ። "መጫወቻ" ስለተባለ ብቻ ለልጅ ብቻውን የሚሰጥ ዕቃ አይደለም። እሳት አለው፣ የሚፈላ ውሃ አለው፣ ግፊት አለው። አንድ ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ በተለመደው የአየር ግፊት ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። ቦይለሩ የሚሠራውም ያንን አፍኖ በመያዝ ነው።

ምን እንደያዛችሁ እወቁ

በብዛት የሚገኙት አሮጌ ሞተሮች ከጥቂት ፋብሪካዎች የወጡ ናቸው። ማሞድ የእንግሊዝ ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. ጄፍሪ ማሊንስ በርሚንግሃም ውስጥ ጀመረው። ዊሌስኮ የጀርመን ነው። ኩባንያው በ1912 እ.ኤ.አ. ሉደንሻይድ ከተማ ውስጥ ተቋቋመ፤ የእንፋሎት ሞተር መሥራት የጀመረው ግን በ1950 ነው። የአሜሪካው ጄንሰን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ተነሳ። የእሱ ሞተሮች አብዛኞቹ በኤሌክትሪክ የሚሞቁ ናቸው። ከእነዚህ በፊት ደግሞ ቢንግና ሜርክሊን የሚባሉ የጀርመን ፋብሪካዎች ነበሩ። የእነሱ ሥራ ከእጃችሁ ከገባ ቆም ብላችሁ አስቡ። እንዲህ ያለውን ዕቃ ሰብሳቢ የሚፈልገው ከነጠባሳው ነው፤ አዲስ ቀለም ስትቀቡት ዋጋው ይወርዳል።

የፋብሪካው ስም ብዙውን ጊዜ በመሠረቱ ብረት ላይ ወይም በቦይለሩ ጫፍ ላይ ይገኛል። ስሙን ማወቅ ለታሪክ ብቻ አይደለም። የድሮ የእንግሊዝ ሞተሮች ብሎን በኢንች ልክና ቢኤ በሚባለው የድሮ የእንግሊዝ መለኪያ የተሠራ ነው። የጀርመኖቹ በሚሊሜትር ነው። ሁለቱ ለዓይን ይመሳሰላሉ። አንዱን በሌላው ቀዳዳ በግድ ካሽከረከራችሁት የናሱ ጥርስ ተበላ ማለት ነው። ብሎን በጣት ሁለት ሦስት ዙር ያለችግር ካልገባ የሱ አይደለም፤ አውጡት።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ የሲሊንደሩን ዓይነት ነው። ርካሾቹና በብዛት ያሉት ሲሊንደራቸው ራሱ የሚወዛወዝ ነው። ሲሊንደሩ በአንድ ፒን ላይ ተሰቅሎ ከክራንኩ፣ ማለትም ከሚዞረው የታጠፈ ዘንግ፣ ጋር ግራና ቀኝ ይላል። ወደ አንዱ ጎን ሲያዘነብል ቀዳዳው ከእንፋሎት መግቢያው ጋር ይገጥማል። ወደ ሌላው ሲያዘነብል ከመውጫው ጋር ይገጥማል። ሌላ ቫልቭ የለውም። ሲሊንደሩን ከጀርባው ሳህን ጋር አጣብቆ የያዘው አንድ ሞላ ብቻ ነው። እንዲህ ቀላል ስለሆነ በጣም እወደዋለሁ።

ሁለተኛው ዓይነት ሲሊንደሩ ቋሚ ነው። እንፋሎቱን የሚያስገባና የሚያስወጣ ተንሸራታች ቫልቭ አለው። ቫልቩን የሚገፋውና የሚጎትተው በዘንጉ ላይ ያለ ከመሀል የወጣ ክብ ነው። ይህኛው እንደ ትልልቆቹ ሞተሮች ነው። ሲስተካከልም ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ከመፍታታችሁ በፊት

ፎቶ አንሱ። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከላይ፣ ከታች። የቧንቧውን አቅጣጫ፣ የሞላውን ቦታ፣ የሮንዴላዎቹን ብዛት ከቅርብ አንሱ። "አስታውሰዋለሁ" የሚባል ነገር የለም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ ሮንዴላ ትተርፋለች፤ የማን እንደሆነች ማንም አያውቅም።

ቮላኖውን፣ ማለትም ከባዱን መሽከርከሪያ፣ በጣት ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ካልዞረ አታስገድዱት። የደረቀ የድሮ ዘይት እንደ ሙጫ ይይዛል። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጠብ አድርጉበትና ሌሊቱን ተዉት። አብዛኛው ጠዋት ላይ በራሱ ይለቃል።

አሁን ስለ አስቤስቶስ፣ ማለትም ብናኙ ሳንባን ስለሚጎዳው ሙቀት የሚችል ማዕድን። ይህን ክፍል በጥሞና አንብቡት። በድሮ ሞተሮች ውስጥ አስቤስቶስ የተለመደ ዕቃ ነበር። የእሳት ማንደጃው ክር፣ ከቦይለሩ ሥር ያለው ግራጫ ወይም ነጭ ካርቶን መሰል ንጣፍ፣ በፒስተን ዘንግ ዙሪያ የተጠቀጠቀው ገመድ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። በዓይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት በተሠራ ሞተር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ አስቤስቶስ ነው ብላችሁ ተነሱ። ደረቁን አትፋቁት፣ አትቦርሹት፣ አየር አትንፉበት። ሳይነካ መቆየት ከቻለ ይቆይ። መውጣት ካለበት በሚያውቅ ሰው ይውጣ። የድሮ ቀለምም ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ በደረቁ አትሹት። ሁልጊዜ በውሃ እያረጠባችሁ፣ ጭምብል አድርጋችሁ፣ ልጆች በሌሉበት ይሁን።

መፍታት

ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ልኩን የጠበቀ ካቻቪቴ፣ ትንንሽ የብሎን ቁልፎች፣ አፉ በጨርቅ የተጠቀለለ ፒንሳ ይበቃል። የካቻቪቴው ጫፍ ከብሎኑ ራስ ጋር በትክክል መግጠም አለበት፤ ያለዚያ የብሎኑን አፍ ያበላሻል። የተበላሸ የብሎን ራስ ደግሞ የማያውቅ ሰው እንደነካው ከሩቅ ይናገራል።

ብሎኖቹን በየክፍላቸው በትንንሽ ከረጢት አድርጉና ስም ጻፉባቸው። ቦይለሩን ከእሳት ሳጥኑ ጋር የያዙት ብዙውን ጊዜ የሚታጠፉ ጆሮዎች ናቸው። አሮጌ ቆርቆሮ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠፈ ይሰበራል። የግድ ካልሆነ አትክፈቷቸው። ከከፈታችሁም እስኪለቅ ድረስ ብቻ ይሁን።

ቦይለሩ

ሥራው ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ነው። ጊዜያችሁንም እዚሁ አፍሱት።

መጀመሪያ እዩት። ጫፎቹ ወደ ውጭ አብጠዋል? መገጣጠሚያው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ መስመር አለ? ይህ ውሃ ቀስ እያለ ሲወጣ የኖረበት ምልክት ነው። የቦይለሩ ሆድ ላይ ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም ካለ፣ ወይም የተበየደበት ሊድ ቀልጦ እንደ እንባ ከወረደ፣ አንድ ሰው ውሃ ሳይኖረው አንድዶታል። ተጠንቀቁ።

ይህ ለምን እንደሚሆን ላስረዳ። ብዙዎቹ አሮጌ ቦይለሮች የተበየዱት በለስላሳ ሊድ፣ ማለትም በቆርቆሮና በሊድ ቅልቅል ነው። እሱ የሚቀልጠው በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከአካባቢው አየር በላይ በ1.5 ባር ግፊት (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የሚፈላ ውሃ ሙቀቱ 127 ዲግሪ ገደማ ነው። ውሃ እስካለ ድረስ ናሱ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ውሃው ሙቀቱን እየወሰደ ያቀዘቅዘዋል። ውሃው ሲያልቅ ግን ነበልባሉ ያለምንም ከልካይ ናሱን ያገኘዋል። ሊዱ ለመቅለጥ ብዙ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ቀጥሎ ውስጡን ማጽዳት። የውሃ መሙያውን ክፈቱና በትንሽ ባትሪ መብራት እዩ። ነጭ ቅርፊት ካለ፣ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ዓይነት የውሃ ድንጋይ ነው። ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሲትሪክ አሲድ አሟሙ። በአንድ ሊትር 50 ግራም ገደማ ይበቃል። ቦይለሩን ሙሉበት። ክዳኑን አትዝጉ፤ ጋዝ ይወጣል። ግማሽ ሰዓት ቆዩና ድፉት፣ እዩት፣ ካስፈለገ ድገሙት። አቼቶም ይሠራል፤ ቀርፋፋ ነው፣ ሽታውም አይለቅም።

ሌሊቱን ሙሉ ግን አትተዉት። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው። አሲዱ ውስጥ ብዙ ከቆየ ዚንኩ እየታጠበ ይሄድና መዳቡ ይቀራል። ናሱ ወደ ሮዝ ሲያደላ ካያችሁ አልፋችኋል ማለት ነው። ሲያልቅ በንጹህ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ መጨረሻ ላይ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት ውሃ አለቅልቁ። አሞኒያ ያለበት ፈሳሽ ውስጥም ናስ አትዘፍዝፉ። አሞኒያ ተወጥሮ ያለ ናስን ይሰነጥቃል።

አሁን ፈተናው። ቦይለር የሚፈተነው በቀዝቃዛ ውሃ ግፊት እንጂ በአየር አይደለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። አየር ሲታመቅ እንደ ሞላ ጉልበት ያጠራቅማል፤ ቦይለሩ ቢቀደድ ስብርባሪው ይወረወራል። ውሃ ግን ብዙ አይታመቅም። ቢቀደድ እንኳ ጥቂት ጠብታ ይወጣና ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል።

ማኖሜትር፣ ማለትም የግፊት መለኪያ፣ ያለው ትንሽ የእጅ የውሃ ፓምፕ ያስፈልጋችኋል። የደህንነት ቫልቩን አውጡና ቀዳዳዎቹን ሁሉ ድፈኑ፤ ፓምፑ የሚገባበት አንዱ ብቻ ይቅር። ቦይለሩን አፍ እስከ አፉ በውሃ ሙሉት። እያዘነበላችሁ የአየር አረፋውን ሁሉ አስወጡ። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ግፊት ጨምሩ። ለአሮጌ መጫወቻ ከሥራ ግፊቱ 1.5 እጥፍ ይበቃኛል። የደህንነት ቫልቩ በ1.5 ባር የሚከፈት ከሆነ ከ2 ባር ትንሽ አለፍ ብላችሁ ቁሙ። 10 ደቂቃ ጠብቁ። መርፌው ባለበት ከቆየ፣ ጫፎቹ ካላበጡ፣ ጠብታ ካልታየ፣ ቦይለራችሁ ደህና ነው። አሁን ደስ ይበላችሁ።

ካፈሰሰ መጀመሪያ የሚያፈሰውን ለዩ። ከብሎን ሥር ከሆነ አዲስ ጋስኬት (ማሸጊያ) ይፈታዋል። ሙቀት የሚችል ቫይተን የሚባል የጎማ ቀለበት አለ፤ 200 ዲግሪ አካባቢ ይቋቋማል። ከመገጣጠሚያው ከሆነ ነገሩ ከበድ ይላል። በለስላሳ ሊድ የተበየደ ቦይለር በለስላሳ ሊድ እንደገና ሊበየድ ይችላል፤ መገጣጠሚያው ግን ፍጹም ንጹህ መሆን አለበት። "በብር ልበይደው፣ ይጠነክራል" የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። የብር ብየዳ ከ600 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። የቀድሞው ሊድ ቅንጣት እንኳ ከቀረች ብየዳው አይይዝም፤ ናሱንም ይበላዋል። ልምድ ከሌላችሁ አትሞክሩት። ለማሞድና ለዊሌስኮ አዲስ ቦይለር እንደ መለዋወጫ ይሠራል። ስንጥቅ ያለበትን፣ ያበጠውን፣ የሳሳውን አስቀምጡትና አዲስ ግዙ። የድሮው መደርደሪያ ላይ ያምራል።

የደህንነት ቫልቭ

አጭር ነው፣ ግን ዝለሉት ማለቴ አይደለም። ቫልቩ በሞላ የተያዘ መድፈኛ ነው። ግፊቱ ሲበዛ ተነስቶ እንፋሎት ይለቃል። ለብዙ ዓመት ሳይሠራ ከቆየ በውሃ ድንጋይ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ዘንጉን በጣት ጎተት ስታደርጉት መንቀሳቀስና በራሱ መመለስ አለበት። ካልሆነ በሲትሪክ አሲድ አጽዱ። አሁንም ካመነታ አዲስ ግዙ። እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አያዋጣም። ሞላውን አታጥብቁ፣ ክብደት አትጨምሩበት፣ "ትንሽ ኃይል ይጨምርልኝ" ብላችሁ አትነካኩት።

ሲሊንደሩ

ሞተሩ ደካማ ከሆነ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ሲሊንደሩ ከጀርባ ሳህኑ ጋር የሚገናኝበት ገጽ ነው። ሁለት ጠፍጣፋ ናሶች በመሀላቸው ዘይት ብቻ ይዘው እንፋሎትን ማገድ አለባቸው። አንድ ጭረት እንፋሎቱን ያሾልከዋል።

ሞላውን የያዘችውን ነት ከመፍታታችሁ በፊት ስንት ዙር እንደገባች ቁጠሩ። ሲሊንደሩን አውጡ። የገጹን ሁኔታ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ገጹን በማርከር ቀለም አጥቁሩት። ወፍራም ጠፍጣፋ መስታወት ላይ 1,000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አንጥፉ፣ በውሃ አርጥቡት። ገጹን ለጥ አድርጋችሁ ያዙትና ሦስት አራት ጊዜ በስምንት ቁጥር ቅርጽ አንሸራትቱ። ከፍ ያለው ቦታ ቀለሙ ይለቃል፣ ጎድጓዳው ይቀራል። ቀለሙ ከሁሉም ቦታ እኩል እስኪጠፋ ቀጥሉ። ከዚያ በ2,000 ቁጥር ጨርሱ። እጃችሁን አትጫኑ፤ ክብደቱ በገጹ ላይ እኩል ይረፍ። የጀርባ ሳህኑን ደግሞ ወረቀቱን በጠፍጣፋ ቁራጭ ላይ ጠቅልላችሁ በዚያው መንገድ አስተካክሉ።

ሲያልቅ በሳሙና ውሃና በጥርስ ብሩሽ ደጋግማችሁ እጠቡ። የብርጭቆ ወረቀቱ ደቃቅ ቅንጣት ለስላሳው ናስ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል። ከቀረ ሞተሩ በሮጠ ቁጥር የለሰለሰውን ገጽ እየፋቀ ያበላሸዋል።

ፒስተኑን ለመፈተን ጥቂት ዘይት ቀቡትና ሲሊንደሩ ውስጥ ክተቱት። የእንፋሎት ቀዳዳውን በጣታችሁ ዝጉና ፒስተኑን ጎትቱ። ስትለቁት ወደ ውስጥ ሸሽቶ ከተመለሰ ጤነኛ ነው። በግዴለሽነት ባለበት ከቀረ ያሾልካል። ትንሽ ማሾለክ ግን ሞተር አይገድልም፤ ወፈር ያለ ዘይት ይሸፍነዋል።

ስለ ዘይት ካነሳን፣ ለሲሊንደር የሚሆነው የእንፋሎት ሲሊንደር ዘይት የሚባለው ነው። ወፍራም ነው፤ ብዙዎች 460 ቁጥሩን ይመርጣሉ። የስፌት ማሽን ዘይት ለዘንግና ለክራንክ ይሆናል። ሲሊንደር ውስጥ ግን እንፋሎቱ አጥቦት ይሄዳል።

መልሳችሁ ስትገጥሙ ሞላውን አታጥብቁ። ሲሊንደሩን በጣት ስትጎትቱት ከሳህኑ ትንሽ መላቀቅ አለበት። በጣም ከላላ እንፋሎት ያመልጣል። በጣም ከጠበቀ ሞተሩ ራሱን ማዞር ያቅተዋል። የሚወዛወዝ ሲሊንደር ላይ ሞላው ሌላ ጥቅምም አለው። ግፊት ሲበዛ ሲሊንደሩ ከሳህኑ ላይ ብድግ ይልና ይተነፍሳል።

ቋሚ ሲሊንደር ያላችሁ ሰዎች ቫልቩን ማስተካከል አለባችሁ። ፒስተኑ አንዱ ጫፍ ሲደርስ በዚያው በኩል ያለው የእንፋሎት ቀዳዳ መከፈት መጀመር አለበት። በሌላኛው ጫፍም እንዲሁ። አንዱ ጋ ቀድሞ ሌላው ጋ ከዘገየ የቫልቩን ዘንግ ርዝመት አስተካክሉ። ሁለቱም ጋ እኩል ከዘገየ ደግሞ ያንን ከመሀል የወጣውን ክብ በዘንጉ ላይ ትንሽ አዙሩት።

እሳት ከመለኮሳችሁ በፊት ሞተሩን ብቻውን፣ ከቦይለሩ ተለይቶ፣ በአየር ሞክሩት። የብስክሌት መንፊያ ከእንፋሎት ቧንቧው ጋር አያይዙና ቀስ ብላችሁ ንፉ። ቮላኖውን በጣት ገፋ አድርጉት። በደንብ የተሠራ ሞተር በግማሽ ባር አካባቢ ይዞራል። ሲዞር የሚሰማው ድምፅ ለእኔ ከሥራው ሁሉ ጣፋጩ ነው። ካልዞረ ጆሯችሁን አስጠጉ፤ አየሩ የሚያመልጥበት ቦታ ራሱ ይነግራችኋል።

ማንደጃው

የድሮ ማንደጃዎች በአልኮል ይሠራሉ። ማሞድም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ጠጣር ነዳጅ እስኪዞር ድረስ አልኮል ይጠቀም ነበር። የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን እምብዛም አይታይም። ጠፍቷል ብላችሁ ስትጨምሩ ከነጠርሙሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ማንደጃው በእጅ እስኪያዝ ካልቀዘቀዘ ነዳጅ አይጨመርም። የድሮውን ክር በፋይበር ግላስ ክር ቀይሩት። ጠጣሩ ነዳጅ ሄክሳሚን የሚባለው ነጭ እንክብል ነው። እንደ አልኮል አይፈስም፤ ጭሱ ግን መርዛማ ነው። መስኮት ክፈቱ ወይም ውጭ አንድዱት።

ጄንሰን ያላችሁ ደግሞ የኤሌክትሪክ ገመዱን ሳታዩ አትሰኩ። የድሮ ገመድ ሽፋኑ ይፈረፈራል። ለአሜሪካ የተሠራ ስለሆነም 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል።

ማጽዳትና ቀለም

እዚህ ስትደርሱ ጨርቁን ማንሳት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ናሱ በእርግጥ ናስ መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ የዊሌስኮ ቦይለሮች በኒኬል የተለበጡ ናቸው። የኒኬሉ ሽፋን ስስ ነው። አንዱን በማጽጃ ስፈትግ ከኒኬሉ ሥር ቢጫው ናስ ብቅ አለብኝ። ተመልሶ አይገባም። ኒኬል በሳሙና ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። ንጹህ ናስን በናስ ማጽጃ እሹት። በጣም ከጠቆረ ደቃቁን የብረት ሱፍ በዘይት አርጥባችሁ ተጠቀሙ። በድሪል የሚዞር ማሻሻ ቦይለር ላይ አታውሉ፤ ሳታውቁት ግድግዳውን ያሳሳል።

ቀለሙ ግማሽ በግማሽ እንኳ ቢሆን ደህና ከሆነ ተዉት ነው ምክሬ። ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና ጠርጉት፤ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክሩ። የፋብሪካው ተለጣፊ ምልክት ላይ ውሃ አታድርሱ፤ ብዙው በውሃ ይነሳል። ከደረቀ በኋላ ስስ ሰም ቀቡት።

መቀባት ካለበት ግን በአግባቡ ይሁን። የድሮውን በቀለም ማላቀቂያ አንሱ፣ ዝገቱን አስወግዱ፣ በአልኮል ጠርጉ፣ ከዚያ ፀረ ዝገት ቀለም ስጡት። ላይኛውን ቀለም ሦስት ጊዜ ስስ ስስ አድርጋችሁ ርጩ። አንድ ወፍራም ንብብር ይወርዳል፣ ይጨማደዳል። ሳምንት ሳይሞላው አትገጣጥሙት። የእሳት ሳጥኑ ሙቀት የሚችል ቀለም ይፈልጋል፤ እስከ 600 ዲግሪ የሚችል የሚረጭ ቀለም አለ። ያም የሚጠነክረው ቀስ በቀስ ሲሞቅ ነው። የመጀመሪያው እሳት ላይ ቢጨስና ቢሸት አትደንግጡ።

የመጀመሪያው እሳት

ቦይለሩን ሦስት አራተኛ ድረስ ሙሉ። የተጣራ ውሃ ብትጠቀሙ ድንጋይ አይሠራም። አስቀድማችሁ ካሞቃችሁት ነዳጅ ትቆጥባላችሁ። የውሃ ማያ መስታወት ካለው ደረጃውን እዩ።

አሁን ዋናው ሕግ፦ እሳቱ ከውሃው ቀድሞ ይጥፋ። የማንደጃውን ነዳጅ ለክታችሁ አድርጉ። የመጀመሪያውን ጊዜ ግማሹን ብቻ አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ፣ ሲጨርስ ስንት ውሃ እንደቀረ ለኩ። ከዚያ ልኩን ታውቁታላችሁ። እኔ ይህን ልኬት በየሞተሩ ሣጥን ክዳን ውስጥ እጽፈዋለሁ።

ዘይት ስጡት፣ ለኩሱ፣ ፊታችሁን ከቦይለሩ አርቁ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ትንፋሽ መስማት ትጀምራላችሁ። ቮላኖውን አዙሩ። መጀመሪያ ትኩስ ውሃ ይተፋል። ቀዝቃዛው ሲሊንደር እንፋሎቱን ወደ ውሃ ስለሚመልሰው ነው። ውሃው እስኪወጣ ወዲያና ወዲህ አዟዙሩት። ሲሊንደሩ ሲሞቅ በራሱ ይያያዛል። ከዚያ በኋላ የደህንነት ቫልቩ ከፍቶ መተንፈሱን አንድ ጊዜ አረጋግጡ፤ ሞተሩን በእጅ ያዝ አድርጋችሁ ግፊቱን ብታስነሱት ያሳያችኋል። ግፊቱ ከፍ ብሎ ቫልቩ ዝም ካለ እሳቱን አጥፉ።

የራሳችሁ ማድረግ

የራሴን ሕግ ልንገራችሁ። የማደርገው ለውጥ ሁሉ ተመልሶ መነሳት አለበት። ዋናው ዕቃ ላይ አዲስ ቀዳዳ አልበሳም። ቦይለር ላይማ ጭራሽ። የሚጨመረው ሁሉ ያለው ቀዳዳና ጥርስ ላይ ይግባ። ያወጣሁትን የፋብሪካ ዕቃ በከረጢት አድርጌ ከሞተሩ ጋር አስቀምጣለሁ።

በትንሽ ድካም ትልቅ ለውጥ የሚሰጠው የእንጨት መሠረት ነው። ሞተሩን ወፈር ባለ ጠንካራ እንጨት ላይ እሰሩት፣ እንጨቱን ዘይት የማያስገባ ቫርኒሽ ቀቡት። ቦታ ካለ ከቮላኖው የሚወርድ ቀበቶ፣ በላዩ መዘውሮች ያሉበት ረጅም ዘንግ፣ ከዘንጉ የሚሠሩ ትንንሽ መዶሻና መሰርሰሪያ ትጨምራላችሁ። ትንሽ ወርክሾፕ ወጣው ማለት ነው። ጉልበቱ ግን ከጥቂት ዋት እንደማይዘል አትርሱ። ሁሉንም አንድ ላይ ካሰራችሁት ይቆማል።

መብራት ማብራት ከፈለጋችሁ ከአሮጌ ካሴት ማጫወቻ የወጣ ትንሽ የዲሲ ሞተር እንደ ዲናሞ ይሠራል። ከቮላኖው በቀበቶ አዙሩት። የዲናሞው መዘውር ትንሽ፣ የቮላኖው ትልቅ ይሁን፤ ፍጥነት የሚመጣው ከዚያ ነው። አምፖል ብዙ ይበላል። ቀይ ኤልኢዲ ግን 2 ቮልት አካባቢ ካገኘ ቦግ ይላል።

ማኖሜትር ስትጨምሩ በቀጥታ አትግጠሙት። በመሀል የተጠማዘዘ ቀጭን ቧንቧ አድርጉ። ጥምዝምዙ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ትኩሱን እንፋሎት ከመለኪያው ያርቃል። ፊሽካ ለመጨመርም ፋብሪካው ያዘጋጀው ቀዳዳ ካለ ተጠቀሙ። እንፋሎት እንደሚበላ ግን እወቁ፤ ረዘም አድርጋችሁ ስትነፉት ሞተሩ ያንቀላፋል።

ቦይለሩን ቀጫጭን እንጨት ማልበስም ያምራል፣ ሙቀትም ይቆጥባል። እንጨቶቹን በሁለት የናስ ቀበቶ እሰሯቸው፤ ከሥራቸው ስስ የሴራሚክ ወረቀት አድርጉ። የሚለብሰው ላይኛው ክፍል ብቻ ነው፤ እሳት የሚነካውን አትሸፍኑ። መገጣጠሚያዎቹም ይታዩ። ማፍሰስ ሲጀምር ማየት አለባችሁ።

ከሲሊንደሩ እንፋሎት የሚወጣበት ቧንቧ የሚተፋው ዘይት ያለበት ውሃ ጠረጴዛችሁን ካስቸገረ ትንሽ የናስ ጣሳ አስቀምጡለት። ቧንቧው ከላይ ይግባ፣ እንፋሎቱ በሌላ ቀዳዳ ይውጣ፣ ውሃው እዚያው ይቅር።

ሞተሩን ስትጨርሱ ግፊቱ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን በፊሽካው ወይም ቫልቩን በፒንሳ ነካ በማድረግ አረጋግጡ። ከዚያ ገና ሞቅ እያለ መሙያውን ክፈቱ። ተዘግቶ ከቀዘቀዘ ውስጡ አየር አልባ ባዶ ይሆንና የሲሊንደሩን ቆሻሻ ዘይት ወደ ቦይለሩ ይስበዋል። ውሃውን ድፉ። ሲሊንደሩ ላይ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጉና ቮላኖውን ሦስት አራት ጊዜ አዙሩት። መሙያውን ስትመልሱት በጣት ብቻ ላላ አድርጋችሁ ግጠሙት፤ ጋስኬቱ አይጣበቅም፣ ውስጡም ይደርቃል።